የትራንስፎርመሩ ማቃሰት

ውሸት ካወራሁ ሦስት መቶ ሰማንያ ቮልት ያድርቀኝ! በሰባ አራት ዓ.ም. ነፋስ ስልክ በሚገኘው የቁልፍ ፋብሪካችን በአንድ ወር ውስጥ ስድስት ሞተር ተቃጠለ። የፋብሪካው ካድሬ የሞተር ክፍሉን ኃላፊ ሮበሌን አፋጠጠው።

«ይሄ አሻጥር ነው! እስከ ነገ ካልተናዘዝክ ትታሰራለህ።»

እኔ ግን ጆሮዬን ትራንስፎርመሩ ላይ ለጠፍኩ። ምጥ እንደያዛት ሴት ያቃስታል፤ ጀሞ የሚያርሱ በሬዎች ሁሉ በድምፁ ደንብረዋል።

«ጓድ፣ አሻጥረኛው ይኸውልህ!» አልኩና አዲሱን የብረት መለበጫ ማሽን አሳየሁት። «ኤሌክትሪኩን እየቆራረጠ ስለሚስብ ሞገዱን ያበላሸዋል። የተበላሸው ሞገድ ደግሞ በየሽቦው ዞሮ ሞተሮቹን ያግላቸዋል።»

ማሽኑን በአንድ ጣቴ አጠፋሁት። ትራንስፎርመሩ ጸጥ አለ፤ ሞተሮቹ ቀዘቀዙ፤ ካድሬው እጄን ሊስም ምንም አልቀረው። ሮበሌም ከእስር ተረፈ።

ይህን በሠራተኞች ክበብ ስተርክ፣ ሮበሌ ራሱ ከጎኔ ተቀምጦ ሻዩን ያማስል ነበር።

«ወጌ» አለኝ ስሜን ቀስ ብሎ ጠርቶ፣ «ማሽኑን ያጠፋችው የኤሌክትሪክ ክፍሏ ጸሐይወርቅ ናት። አንተማ ሾፌር ነበርክ፤ ያን ቀንም ብረት ልታመጣ ሞጆ ሄደሃል።»