ድምፅ የሌለው ትራክተር

“ቆይ እስቲ፣ አሁን ተነስቷል ነው የምትለኝ?” አለ ያረጋል፣ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ ብረቱ እያስጠጋ።

“ተነስቷል” አለ ባየልኝ ከመቀመጫው ላይ ሆኖ።

“እኔ ምንም አይሰማኝም።”

“የሚሰማ ነገር የለውማ።”

ባየልኝ ፔዳሉን በቀስታ ረገጠ። ትራክተሩ ያለ ጭስና ያለ ጩኸት ወደ ፊት ሄደ፤ ከኋላው የታሰሩት ሁለት ማረሻዎችም ጥቁሩን አፈር ነክሰው ገለበጡት። ያረጋል ሳያስበው እግሩን ሰበሰበ። በሽንፋ ዙሪያ ባለ ትራክተር ሲባል እሱ ነው፤ ዘንድሮ ግን ናፍጣ ጠፍቶ ትራክተሩ ከቤቱ ጎን ከቆመ ሦስት ሳምንቱ ነው፣ ዶሮ ይሰፍርበታል። ሊስቅ መጥቶ ሳይስቅ ቀረ።

“ይህስ የሌባ ትራክተር ነው” አለ በመጨረሻ። “ሰው ሳይሰማው ጓዳ ድረስ የሚገባ።”

የባየልኝ ሚስት ስርጉት የሰሊጡን ዘር በቁና እየሰፈረች ነበር። ነገሩ ቀልድ መስሎ አልታያትም።

“እውነቱን እኮ ነው” አለች። “የቦራን ቃጭል እሰርለት። ዳሱ ውስጥ እንደተሰቀለ አለ።”

“ቃጭል ለበሬ ነው” አለ ባየልኝ። “ስድስት ዓመት የናፍጣ ሞተር ሲደበድበኝ ኖሮ ግራ ጆሮዬ ደንቁሯል። አሁን ያገኘሁትን ዝምታ በቃጭል ላበላሸው?”

ቦራ ከሁለት በሬዎቻቸው አንዱ ነበር። ሁለቱም በአንድ ክረምት በገንዲ በሽታ አለቁ። በሬ ያጣ ሰው ደጅ ይጠናልና ባየልኝ ባለፈው ዓመት የያረጋልን ትራክተር ተራ ጠበቀ። ስድስት ዓመት ሙሉ የዚያው ትራክተር ኦፕሬተር ሆኖ ስለነበር አይጨክንብኝም ብሎ ነበር። ያረጋል “ነገ” አለው፤ በነገውም “ነገ” አለው። ዝናቡ ግን የማንንም ተራ አይጠብቅም። የቆላው ጥቁር አፈር አንዴ ከጠገበ ሰውም ከብትም አያስገባም፤ ጠፈፍ እስኪል አሥር ቀን ነው። አሥር ቀን ዘግይቶ የተዘራው ሰሊጥ ጉልበት ሳይደርስ ቀረ። ስርጉትና ባየልኝ ለዘር ያስቀመጡትን ማሽላ በሉ፤ እሱም ሲያልቅ የአሥር ዓመት ልጃቸውን መስከረምን ጎንደር ዘመድ ቤት ላኳት። ትማራለች ተብላ ሄዳ የሰው ልብስ ታጥባለች። የዘንድሮው ሰሊጥ የሚዘራው እሷን ለማምጣት ነው፤ ባልና ሚስቱ ስለሌላ ጥቅሙ ተነጋግረው አያውቁም።

ትራክተሩን ለመሥራት ስምንት ወር ፈጅቶበታል። አካሉን ከአህያ ጋሪ ብረትና ከአሮጌ የውሃ ቧንቧ በየደው። ሞተሩንና ስድስቱን ባትሪ ጎንደር ሄዶ፣ ተጋጭታ ከተጣለች የኤሌክትሪክ ባጃጅ ላይ ፈታ። ባትሪዎቹን የሚሞላው ሶላር የቤቱ ጣሪያ ላይ ነው። መጀመሪያ ሲሞክረው ማረሻው መሬት ሲነክስ ፊቱ እየተነሳ ሊገለብጠው ደረሰ፤ ከፊት የተሰበረ የወፍጮ ድንጋይ አሰረለት። ቀጥሎ የኋላ ጎማዎቹ በባዶ መሽከርከር አመጡ፤ ቸርኬያቸውን በአሸዋና በሲሚንቶ ሞላው። “ይክበድ፣ መሬቱን ይርገጥ” እያለ። ሞተሩ በቆላው ፀሐይ ሲግልበት ደግሞ እርጥብ ጆንያ አለበሰው። ከመሪው አጠገብ አምስት ትንንሽ አረንጓዴ መብራቶች አሉት፤ ባትሪው በደከመ ቁጥር አንድ አንዱ ይጠፋል። ስርጉት አንዳንድ ማታ መብራቶቹን አብርቶ ሲቆጥራቸው ታገኘውና ትስቅበት ነበር።

እስከ ቀትር ድረስ ሥራው ሰመረ። ከሸሕዲ የቀጠራቸው ሁለት ሳሉጎች፣ የወቅት ሠራተኞቹ አንዱዓለምና ማሩ፣ ከኋላው እየተከተሉ ዘሩን በተኑ። ሁለቱም የጎጃም ደገኞች ናቸው፣ የአንድ አገር ልጆች፤ ለሥራ ቆላ ሲወርዱ አራተኛ ዓመታቸው ነው። ሦስት መብራት ሲቀርና ፀሐይ አናት ስትበሳ ባየልኝ ትራክተሩን ማሳው መሀል አቁሞ ለእረፍት ወደ ዳሱ ሄደ። ስርጉት ያቀረበችውን ቀማምሶ ጋደም አለ።

በቆላ እርሻ አንድ ልማድ አለ። ዛፉ ድሮ ተመንጥሮ ስላለቀ ሳሉግ በእረፍት ሰዓት የሚተኛው ከትራክተር ሥር ነው። ኦፕሬተሩም ከሥር አጎንብሶ አያይም። ሞተሩን ያስነሳና ሲጋራ ይለኩሳል፤ ሲጋራው ሳያልቅ የተኛው ሁሉ በጩኸቱ ነቅቶ ተንከባሎ ይወጣል። ባየልኝም ስድስት ዓመት የሠራው እንደዚሁ ነው። ማንንም ቀስቅሶ አያውቅም፤ ቀስቃሹ ሞተሩ ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ነፋስ መጣና ቀና ሲል በደጋው በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ማታውን ዝናብ እንደሚወርድ ሕፃንም ያውቀዋል። አንድ ሄክታር ይቀረዋል፤ ሦስቱም መብራት ለዚያው ነው። ማሩ በርሜሉ አጠገብ ውሃ ሲቀዳ አየው፤ አንዱዓለምን ግን አላየውም። እየሮጠ ሄደና ትራክተሩ ላይ ወጣ። ቁልፉን አዙሮ ፔዳሉን ረገጠ።

ጎማው ተነሳ፤ ድንጋይ የረገጠ መስሎት አጠንክሮ ረገጠው። ያን ጊዜ ነው ጩኸቱን የሰማው።

አንዱዓለም ከትራክተሩ ሥር፣ ጥላው ውስጥ በጀርባው ተኝቶ እግሩን ወደ ኋላ ጎማው ዘርግቶ ነበር። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች መሬቱ ውስጥ ገብቷል፤ አጥንቱ ወጥቷል። አዲሱ ኮንጎ ጫማው እንዳያረጅበት አውልቆ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦታል። ጫማው ምንም አልሆነም።

ሲጎትቱት ጥርሱን ነክሶ፣ “አልሰማሁትም ጋሸ” አለ፣ ያጠፋው እሱ ይመስል። “እኔ እኮ ሲነሳ እነሳለሁ ብየ ነው።”

ስርጉት ነጠላዋን ቀድዳ ከጉልበቱ በላይ አሰረችው። ደሙ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። ስልኳን አውጥታ ባለ ባጃጆች ዘንድ ደወለች፣ አንዱ ጋ፣ ሌላው ጋ።

“ሁለቱም ቤንዚን የለንም አሉ።”

“እንግዲያ በዚሁ ነዋ” አለ ማሩ። “የዘር ማመላለሻውን ጋሪ ከኋላው ቀጥለን አስፓልት እናድርሰው። አስፓልት ላይ መኪና አይጠፋም። ገንዳ ውሃ ሆስፒታል አለ።”

ባየልኝ መብራቶቹን አየ። ሦስት ናቸው። አስፓልቱ ድረስ ሁለት ይበላል። ቀሪው አያስመልሰውም፤ ነገ ደግሞ በዚህ ደመና ሶላሩ ምንም አይሞላም።

“ጋሸ፣ ምን እናያለን?” አለ ማሩ።

“ቆይ።”

“ምኑን ልቆይ? ደሙን አያዩትም?”

ስርጉት ባሏን ክንዱን ይዛ ወደ ጎን ወሰደችው።

“ባየልኝ፣ ሰው ነው።”

“ሰው መሆኑ ጠፍቶኝ ነው?”

“ጠፍቶህ ካልሆነማ ውጣና ንዳ።”

“ሰማዩን አታይም አንች? ዛሬ ካልተዘራ ኸላስ፣ ዘንድሮም አለቀ። መስከረምን ማን ያመጣታል?”

ስርጉት ክንዱን ለቀቀችው። ልጅቷን ካየች ዘጠኝ ወሯ ነው። ቀናቱን ከባሏ በላይ ትቆጥራለች፤ ይህን እሱም ያውቃል፤ ያነሳውም ስለሚያውቅ ነው።

“በልጄ ስም አታድርገው” አለች።

ባየልኝ ወደ ቁስለኛው ተመለሰና፣ “ቃሬዛ እንሥራ” አለ።

ቃሬዛ የሚያስወቅስ ነገር አይደለም። አገሩ ሁሉ በሽተኛውን የሚያደርሰው በቃሬዛ ነው፤ ጥሪ የሰማ የማይመጣ የለም። ማሩ አፉን ከፍቶ አየውና፣ ቆላ ለሥራ የወረደ ሰው ከባለ መሬት ጋር ተከራክሮ ስለማያውቅ፣ ለጥሪ ወደ ጎረቤት እርሻ ሮጠ። ባየልኝ ከዳሱ ሁለት አጣና ነቀለ። ከሞተሩ ላይ እርጥቡን ጆንያ ገፎ በሽቦ ወጠረው፣ ጫፍ ጫፉን አጠፈው፣ ትከሻ እንዳይቆርጥ ጨርቅ ጠቀለለበት። እጁ የተባረከ ነውና ከዚያ የተሻለ ቃሬዛ በዚያ አገር ተሠርቶ አያውቅም። ሲጨርስ ላብ አጥምቆታል፤ አንድ ጊዜም የአንዱዓለምን ፊት አላየም።

ሰባት ሰው መጣ። ከፊት የሚመራው ያረጋል ነው። እግሩን አየና ፊቱን አዞረ፤ ከዚያ ትራክተሩን አየ።

“ያንተ ናፍጣ አይፈልግ” አለ። “ምነው በሰው ትከሻ?”

ባየልኝ ባርኔጣውን አወለቀ። ላቡን የሚጠርግበት መስሎ ሄደና መሪው አጠገብ፣ መብራቶቹ ላይ አኖረው።

“ባትሪው አልቋል” አለ።

ስርጉት ሰማችው። ዓይኗ ከባርኔጣው ወደ ባሏ ሄደ። ትናገራለች ብሎ ጠበቀ። በሰው ፊት ግን ባሏን አዋርዳው አታውቅም፤ የመጣላትን ቃል ዋጠችው።

“ይሁን” አለ ያረጋል። ዓምና “ነገ” ያለው ሰው ሱሪውን ሰብስቦ የፊተኛውን አጣና ትከሻው ላይ አደረገ። “በሉ አንሱት።”

አነሱት። አንዱዓለም አንዴ ጮኸ። ስርጉት የውሃ ጀሪካኑን ይዛ ተከተለች። ጥቂት እንደሄደች ተመለሰችና ባሏ አጠገብ ቆመች። ድምፅዋን አላነሳችም።

“ከአሁን በኋላ ያለ ቃጭል እንዳታንቀሳቅሰው።”

“እሽ።”

“ማል።”

“መስከረም ትሙት።”

ፊቷን አዙራ ሄደች።

ባየልኝ ቃሬዛው የማሳውን ጫፍ እስኪያልፍ ቆመ። ከዚያ ባርኔጣውን አነሳ። ሦስቱም መብራት ይበራሉ። ደመናው ግማሹን ሰማይ ይዞታል። ሮጦ ቢጠራቸው ይመለሱ ነበር፤ እግሩ እሽ አላለውም። አንዴ ዋሽቻለሁ፣ በሰባት ሰው ፊት ምን ብዬ እመልሰዋለሁ አለ በልቡ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይህ ነው። እፍረቱም እየቆየ ወደ ንዴት ዞረ፤ ከዚያ ሁሉ ሜዳ እዚያ መተኛት ምን የሚሉት ነው እያለ አጉረመረመ።

ዳሱ ገብቶ የቦራን ቃጭል አወረደ። ከፊት፣ ከወፍጮው ድንጋይ በላይ በሽቦ አሰረው። ሁለቴ አጠበቀው። ወጥቶ ፔዳሉን ሲረግጥ ትራክተሩ ተንቀጥቅጦ ተነሳና ቃጭሉ ጮኸ።

ጥርት ያለ ድምፅ ነበር። ባየልኝ ያውቀዋል፤ ቦራ ጠፍቶ ሲፈለግ ከሽንፋ ወንዝ ማዶ ይሰማ ነበር። ቃሬዛው ገና ሩቅ አልሄደም። የመንገዱ መታጠፊያ ላይ ሰዎቹ ትከሻ ሊቀያየሩ ቆመዋል፤ አንዷ፣ ጀሪካን የያዘችው፣ ወደ ማሳው ዞራለች።

አቆመ። ወረደ። ቃጭሉን አልፈታውም፤ ምሏል። እጁን ወደ ቃጭሉ ውስጥ ሰዶ የሚያጮኸውን ምላስ ከማንጠልጠያው አላቀቀና ኪሱ ከተተው።

ከመውጣቱ በፊት ተንበርክኮ ከትራክተሩ ሥር አየ። ማንም አልነበረም፤ ሁለቱ ጫማዎች ብቻ ከጎማው ፊት ጎን ለጎን እንደተቀመጡ ናቸው። አንስቶ ወደ ዳር ወረወራቸው፣ ወጣ፣ ፔዳሉን ረገጠ።