ዳንሱን ሊያዩ የተላኩት ሽማግሌ

ፍስሐ ፖስተሩን በጀርባው ከልሎ ቆመ። ትከሻው አልበቃው ሲል የጃኬቱን ሁለት ጫፍ እንደ ክንፍ ዘረጋ። ከኋላው፣ የህንድ ባህል ማዕከሉ መግቢያ ግድግዳ ላይ፣ የዕለቱ ውይይት ርዕስ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል፤ "ሰውነት እንደ ጸሎት" ይላል። ከስንቱ ርዕስ ይህን መርጠው! "የህንድ ቅመማ ቅመም" ቢሉት ምን ነበረበት?

"ምን ሆነሃል? በረደህ እንዴ?" አሉት ጋሽ ሕዝቅኤል፣ ከዝናቡ ገብተው ባርኔጣቸውን እያራገፉ።

"የለም ጋሼ፣ እንዲያው ወገቤን ላሳርፍ ብዬ ነው። ይግቡ፣ ይግቡ። ከፊት ወንበር ይዤልዎታለሁ።"

ጋሽ ሕዝቅኤል ኬንት ከተማ ድረስ የመጡት ዳንስ ወደው አይደለም። ተልከው ነው። የላከቻቸው የፍስሐ ሚስት ጸጋ ናት፤ እሳቸው ሽማግሌ በሆኑበት ቤተ ክርስቲያን የኳየሩ መሪ። የጸጋና የፍስሐ ልጅ ሃሴት የህንድ ክላሲካል ዳንስ መማር ስትጀምር ጸጋ "ስፖርት ነው" ብላ አልፋው ነበር። ባለፈው ሰሞን ግን የልምምድ ቪዲዮ አየች። ልጆቹ ከመጀመራቸው በፊት መድረኩ ጥግ ላይ ለቆመ የነሐስ ምስል እጅ ይነሳሉ። ከዚያ ወዲያ በቤቱ ሰላም ጠፋ። ባልና ሚስት መግባባት ሲያቅታቸው የሀበሻ መድኃኒቱ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ሽማግሌ። ጋሽ ሕዝቅኤል ያያሉ፣ ይመዝናሉ፣ ይፈርዳሉ። "ስግደት ነው" ካሉ ሃሴት እዚህ ማዕከል ድርሽ አትልም።

ፍስሐም "እሺ" ብሏል። ፍስሐ እሺ ማለት ያውቅበታል።

ፈረንጆቹ ሶዶ በሚሉት ሰፈር ካለው መጋዘን ፎርክሊፍት ሲነዳ አድሮ ነው የመጣው። ዓይኑ ተከፍቷል፤ ከዓይኑ በስተኋላ ያለው ሰውዬ ግን ተኝቷል። ስለዚህ አዳራሹ ገና ሲገባ ውሃ ውስጥ ያለ መሰለው። የብርቱካን ቀለም ያላቸው አበቦች በክር ተሰክተው ከጣሪያ ይወርዳሉ፤ የሴቶቹ የሐር ልብስ ሲያልፍ ሹክ ይላል፤ ዝናቡ ጣሪያው ላይ በጣቱ ይቆጥራል።

"ይሄ ሳምቡሳ አይደለም እንዴ?" አሉ ጋሽ ሕዝቅኤል፣ ከሳህኑ አንድ አንስተው። "የኛን ሳምቡሳ ወስደው ነው በባህል ማዕከል የሚኮሩት?"

"እነሱም ስለኛ እንዲያ ነው የሚሉት ጋሼ።"

"ድንች ከትተው አበላሽተውታል" አሉ፣ ሁለተኛውን እያነሱ።

ውይይቱ ተጀመረ። ነጭ ሻርፕ የለበሱ ፕሮፌሰር በለሆሳስ ያስረዳሉ። ዳንሰኛዋ ከመጀመሯ በፊት ጎንበስ ብላ መሬትን ትነካለች፤ "ልረግጥሽ ነውና ይቅር በዪኝ" ትላታለች። ፍስሐ ይህን የሰማው በእንቅልፉ ይሁን በንቃቱ አልለየም። ከመጋዘኑ ሲሚንቶ ጋር ተፋጠጠ። ሌሊቱን ሙሉ በጎማ ሲሄድበት አድሮ ማንም ይቅርታ ያልጠየቀው ያ ግራጫ ወለል፣ ዝም ብሎ ያየዋል። "ኧረ ይቅርታ" አለው ፍስሐ።

"ማንን ነው?" አሉ ጋሽ ሕዝቅኤል።

"ምንም ጋሼ። አዳምጥ ነበር።"

የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ ጋሽ ሕዝቅኤል እጃቸውን አወጡ። የፍስሐ እንቅልፍ በረረ። ማይክሮፎኑን ተቀብለው ቆሙ፤ "ፈርስት ኦፍ ኦል" ብለው አዘጋጆቹን አመሰገኑ፤ ተሳታፊዎቹን፣ የአዳራሹን ንጽሕና፣ በመጠኑም ቢሆን ሳምቡሳውን አመሰገኑ። ከዚያ ሆሳዕና ተማሪ ሳሉ ሒሳብ ያስተማሯቸውን ህንዳዊ መምህር አነሱ። ጆሯቸውን እየጠመዘዙ አልጀብራ ያስገቡላቸው እሳቸው ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር። ሰዓት ያዡ ሁለት ጊዜ አሳለ። እሳቸው ግን ሁሉንም መርቀው፣ ጥያቄ የሚባል ነገር ሳያነሱ ተቀመጡ። አዳራሹ አጨበጨበ፤ ፕሮፌሰሩ መዳፋቸውን አጋጥመው እጅ ነሱ።

"ጨዋ ሕዝብ ነው" አሉ ጋሽ ሕዝቅኤል። "ቢሆንም ምስሉን አይቼዋለሁ። ዓይኔ እሱ ላይ ነው።"

መብራቱ ደብዘዝ አለ። ከአንድ ረጅም የክር መሣሪያ ማለቂያ የሌለው፣ የንብ ቀፎ የመሰለ ድምፅ መፍሰስ ጀመረ። እንቅልፍ ከፍስሐ ሸሽታ የሄደችው ሩቅ አልነበረም፤ ጎኑ ካለው ወንበር ነበር። የጋሽ ሕዝቅኤል አገጭ ከደረታቸው አረፈ።

ፍስሐ ትከሻቸውን ሊነካ እጁን ዘረጋ። አደራ ነው፤ ሰውዬው የተላኩት ለዚህች ደቂቃ ነው። እጁ አየር ላይ ቆመ። ደግሞ ቀስ ብሎ ወደ ጉልበቱ ተመለሰ።

ሃሴት ወጣች። ቀይና ወርቅማ ለብሳለች፤ ዓይኗን ኩል ተኩላለች፤ በየእርምጃዋ የእግሯ ቃጭል ይንሿሿል። ፍስሐ የራሱን ልጅ ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደበት። ምስሉ በአበባ ተከቦ ጥጉ ላይ ቆሟል። "አሁን ነው" አለ በልቡ።

እሷ ግን ወደ ጥጉ አልሄደችም። ጎንበስ ብላ መሬቱን ነካች። ከዚያ ደረጃውን ወርዳ፣ ቃጭሏ እየተከተላት፣ እንቅልፍ የወሰዳቸው ሽማግሌ ፊት ቆመች፤ በርከክ ብላም ጉልበታቸውን ሳመች።

ጋሽ ሕዝቅኤል ዓይናቸውን ገለጡ። ከየትኛው ዓለም እንደመጡ እንጃ፣ እጃቸው ግን ሥራውን ያውቃል፤ በራሱ ሄዶ ከጭንቅላቷ ላይ አረፈ።

"እደጊ! ተመንደጊ! የአብርሃም አምላክ ይባርክሽ! የረገጥሽው ይለምልም!"

ድምፃቸው ጸጥ ባለው አዳራሽ አስተጋባ። ህንዶቹ ምን እንደተባለ ባያውቁም ምርቃት መሆኑ አልጠፋቸውም፤ መዳፋቸውን አጋጠሙ።

"አሜን" አለ ፍስሐ፣ ብቻውን።

ከዚያ ወዲያ ያየውን ለመናገር ይቸግረዋል። ልጁ በጣቶቿ አበባ ስታፈካ፣ በቅንድቧ ስትቆጣ፣ በተረከዟ ዝናቡን ስትመልስለት ነበር። ወለሉም ይቅር ያላት ይመስል ነበር።

መኪና ውስጥ ጋሽ ሕዝቅኤል ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ያዟዙራሉ።

"ስማ ፍስሐ" አሉ በመጨረሻ፤ "ተኝቼ ነበር እንዴ?"

"ትንሽ ሸለብ አድርጎዎት ነበር ጋሼ።"

"እንግዲህ አንተ እንቅልፌን አትንገርብኝ። እኔም ለጸጋ 'ስግደት አላየሁም' እላታለሁ። አላየሁማ! ምኑ ላይ ነው ውሸቱ?"

ከኋላ ሃሴት ሳቀች። "ጋሼ፣ ቲቸሬ እኮ 'ለምታከብሪው ሰው ስገጂ' አለችኝ። ማሚ ደግሞ በበዓል 'የጋሼን ጉልበት ሳሚ' ትለኛለች። ሶ... ኢትስ ዘ ሴም ቲንግ፣ ራይት?"

ጋሽ ሕዝቅኤል ወደ መስኮቱ ዞሩ። "ልጅቷ ጠበቃ ትሁን" ብለው አጉረመረሙ።

ስልኩ ጮኸ። ጸጋ ናት፤ ኮሎምቢያ ሲቲ ሰፈር ካለው ቤተ ክርስቲያናቸው፣ ከኳየር ልምምድ። ፍስሐ በስፒከር አነሳው።

"እህስ? ጋሼ ምን አሉ?"

ጋሽ ሕዝቅኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ፍስሐ ግን ቀደማቸው። "ጋሼ ተኝተው ነበር።"

"ምን?!"

"አንተ!" አሉ ጋሽ ሕዝቅኤል።

"መጣን ጸጋዬ። ሽማግሌ አንልክም፤ ራስሽ እያት።" ስልኩን ዘጋው።

የቤተ ክርስቲያኑ መብራት ሲታይ ሃሴት እንደ ልማዷ ከወንበሩ ኪስ እርጥብ ሶፍት መዘዘች። እናቷ ከማየቷ በፊት ኩሉን ትጠርጋለች፤ ቃጭሉንም እንዳይሰማ በፎጣ ትጠቀልላለች። ይህን ያስተማራት ማንም ሳይሆን ፍስሐ ራሱ ነው።

ፓርክ አድርጎ ወጣ፤ የኋላውን በር ከፈተላት። ሶፍቱን ከእጇ ወሰደና ኪሱ ከተተው።

"ዳዲ፣ ቃጭሉስ?"

"ተይው፣ አትፍቺው" አላት፤ የፎጣውንም ጥቅል ወንበሩ ላይ ጥሎ በሩን ዘጋ።