ጥዝ የሚለው ጊታር

ሸዋገነት ሶማሌ ተራ ጀርባ ሞተር ስትጠመጥም ሃያ ዓመት አልፏታል። ቬንቲሌተር ይመጣላታል፣ የውሃ ፓምፕ ይመጣላታል፣ ጊታር ግን መጥቶባት አያውቅም። ሐሙስ ጠዋት ፈለቀ የሚባል የሠርግ ባንድ ጊታሪስት ጊታሩንና ትንሽ ስፒከሩን ተሸክሞ ደጇ ቆመ።

«እትዬ፣ ጥዝ ይላል።»

«ንብ አለበት?»

«ጋሼ ዘመድኩንም እንደዚያ ነው ያሉት።»

ዘመድኩን የባንዱ አለቃ ነው። ባለፈው ሠርግ ጊታሩ ጥዝ ሲል የሙሽራዋ አባት ከፍሪጁ የሚመጣ መስሏቸው ፍሪጁን አስነቀሉ። ለስላሳው ሞቀ፤ ጥዝታው ግን ቀጠለ። ዘመድኩንም ለፈለቀ ቁርጡን ነገረው፤ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት መጥቶ ይሰማዋል፣ ጥዝ ካለ ቅዳሜ ሌላ ጊታሪስት ይመጣል።

ሸዋገነት ስፒከሩን ሰካች። ጊታሩን ወደ ሙደሲር ሱቅ ስታዞረው ጥዝታው ባሰበት፤ ወደ ግድግዳው ስታዞረው ቀነሰ። ሙደሲር ከፊት ለፊቷ መብራት ሻጭ ነው፤ አርባ አምፖል ቀኑን ሙሉ ያበራል።

«ካንተ ቤት ነው የሚመጣው» አለችው።

«ላጥፋልሽ?»

«ሠርጉ ቤትም ሄደህ ታጠፋለህ?»

የጊታሩን ክዳን ፈታች። ከክሮቹ ሥር ያለው ፒካፕ የሚሉት ነገር ማግኔት ላይ የተጠመጠመ ሽቦ ነው። ሽቦ ደግሞ እሷ ታውቀዋለች። የክሩን ድምፅ ሲቀበል በዚያው ከአየሩ የመብራቱንም ጥዝታ ይለቅማል። ማግኔት የሌለው ሌላ ጥቅል ቢጨመርለት፣ ያኛው ክሩን አይሰማም፤ ጥዝታውን ብቻ ነው የሚሰማው። ሁለቱ በግልባጭ ከተያያዙ አንዱ ጥዝታ ሌላውን ያጠፋዋል።

«ሸዋዬ፣ ጊታሩን ቬንቲሌተር ልታደርጊው ነው?» አለ ሙደሲር ከማዶ።

«ለንፋሱ አላስከፍልህም።»

ከአሮጌ ሬዲዮ የፈታችውን፣ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ስምንት ሺህ ዙር ጠመጠመች። ምሳ አልበላችም። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሲሆን በየደችና ሰካችው።

ጊታሩ እንደ ወፍጮ ቤት አጓራ።

ፈለቀን ላብ አጠመቀው። «እትዬ፣ እጥፍ ሆነ እኮ!»

«ጆሮ አለኝ።»

«ንቡ ወንድሞቹን ጠራ!» አለ ሙደሲር።

ሸዋገነት ብየዳውን አየችው። እጇ በልማዱ ሠርቷል። ሞተር ላይ የአንዱ ጥቅል መጨረሻ ከሚቀጥለው መጀመሪያ ጋር ይታሰራል፤ እንዲረዳዱ። እዚህ ግን ተረዳዱ ያላቸው የለም። ፈታችና መጨረሻን ከመጨረሻ ጋር አስራ መልሳ ሰካችው።

ቀና ስትል ዘመድኩን በሩ ላይ ቆሟል።

«አብራው እንጂ» አለ።

«በርቷል፣ ጋሼ» አለ ፈለቀ፤ ራሱም አላመነም።

ጥዝታው ድንገት ዝም ሲል ከማዶ ሙደሲር መብራት የጠፋ መስሎት ቀና ብሎ አምፖሎቹን አየ። አርባዎቹም በርተዋል።

ዘመድኩን ጆሮውን ስፒከሩ ላይ ለጠፈ። «እስቲ ምታው።»

ፈለቀ መታው። ዘመድኩን ጆሮውን ይዞ ዘለለ።

«ቅዳሜ ሰባት ሰዓት» አለ ጆሮውን እያሸ። «እንዳታረፍድ።»

እሱ ሲሄድ ፈለቀ ጊታሩን አቅፎ ጠጋ አለ። «እትዬ፣ ቅድም ምን ተሳስተው ነው?»

«እኔ?» አለች ሸዋገነት፣ የተቃጠለ ቬንቲሌተር ወደ ራሷ እየሳበች። «ሽቦው ነው የተሳሳተው።»