የሚስ ሉዊዝ ካርድ

ታደለች ኧርቪንግ በምትባል የአሜሪካ ከተማ በሚገኝ የአረጋውያን መኖሪያ መሥራት ከጀመረች አራት ዓመት ሆኗታል። ከምትንከባከባቸው ሁሉ የምትቀርባቸው ሚስ ሉዊዝ የሚባሉ የዘጠና አንድ ዓመት ባልቴት ናቸው። ባለፈው ሐሙስ ለልደቷ ካርድ ሰጧት። በእንግሊዝኛ የተጻፈበት አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «ለኔዋ ፒኪዩሊያር ታደለች» ይላል። ፒኪዩሊያር የሚለውን ቃል አታውቀውም። አመስግና ኪሷ ከተተችው።

ቤት ስትደርስ እዚሁ ተወልዳ ላደገችው ልጇ ለሐዳሳ አሳየቻት። ሐዳሳ ካርዱን ተቀብላ አነበበችው።

«ማሚ፣ ማለቴ... ዊርድ ነሽ ነው የሚለው። ኖርማል ያልሆነ ሰው።»

ታደለች አላመነችም። በማግስቱ ግን ቁርስ ስታቀርብላቸው እንደ ወትሮው አጠገባቸው አልተቀመጠችም። ምን አድርጌ ይሆን እያለች ራሷን መረመረች፤ ጸጉራቸውን ስታበጥር መዝሙር ማንጎራጎሯ ይሆን? ሚስ ሉዊዝ አሞሽ ነው ወይ ብለው ሲጠይቋት ደህና ነኝ ብላ ወጣች።

እሁድ ከአምልኮ በኋላ ሌሊሳን ጠየቀችው። ሌሊሳ ዴንተን ከተማ ባለው ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ጥናት የሚማር፣ በቤተክርስቲያን የሚያስተረጉም ልጅ ነው። ቃሉ በድሮው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ለእግዚአብሔር ሕዝብ እንደተነገረ፣ በአማርኛው «ለርስቱ የተለየ ወገን» የሚለው እንደሆነ ነገራት። ደስ አላት። ሌሊሳ ግን በዚህ አላቆመም። ሥሩ ላቲን ነው፣ መጀመሪያ ከብት ከሚል ቃል የመጣ ነው አለ፤ ከዚያ የግል ንብረት ሆነ፣ ከዚያ የራስ ብቻ የሆነ ነገር፣ ከዚያ ከሌላው የተለየ፤ ዛሬ ደግሞ ግራ የሚያጋባ ሰው ይባልበታል።

«ሶ፣ እኔ የትኛዋ ነኝ?» አለችው።

«እሱን የጻፉት ሴትዮ ናቸው የሚያውቁት፣ እህት ታደለች።»

ወደ ቤት ስትነዳ ከብቱም፣ ንብረቱም፣ የተለየው ወገንም ተደበላለቁባትና ከአውራ ጎዳናው የምትወጣበትን መታጠፊያ አልፋ ሄደች።

ሰኞ ጠዋት ቁርሳቸውንና ካርዱን ይዛ ገብታ አጠገባቸው ተቀመጠችና ምን ማለትዎ ነው ብላ ጠየቀቻቸው። ሚስ ሉዊዝ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ሌላ ሰው የጻፈው ይመስል አነበቡት።

«እናቴ በየልደታችን እንዲህ ትጽፍልን ነበር፣ ለሰባታችንም» አሉ። «ምን ማለቷ እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቅኳትም። ጥሩ ነገር ነበር የሚመስለኝ።» ቀና ብለው አይዋት። «ክፉ ነው እንዴ?»

ታደለች ሌሊሳ የነገራትን ልትነግራቸው ጀመረች፤ ከብቱ ላይ ስትደርስ ተወችው።

«እኔም አልገባኝም» አለች።

ሁለቱም ካርዱን ደግመው አዩት። የቁርሳቸው የአጃ ገንፎ ቀዝቅዞ ስለነበር ታደለች አሙቃ ልታመጣው ተነሣች።