ትርፍ የተባለችው ግማሽ ጨረቃ

ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ በሚያወጣው መንገድ ዳር የጋሽ ተረፈ ጋራዥ የሚባል የቆርቆሮ ጥላ ነበር። በ1998 ዓ.ም. ኅዳር ላይ እዚያ ጥላ ሥር ሦስት ሰዎች ይሠሩ ነበር፤ ጋሽ ተረፈ ራሳቸው፣ ሁለተኛው መካኒክ አልአዛር፣ እና ዲቦራ። ሦስት ይባሉ እንጂ መፍቻ የሚነኩት ሁለቱ ወንዶች ብቻ ናቸው። ዲቦራ ዕቃ አጣቢ ናት። ከመኪና ሆድ የወጣውን ሁሉ ለሁለት በተቆረጠ በርሜል ውስጥ በናፍታ እየነከረች በብሩሽ ትፈገፍጋለች።

ሁለት ዓመት ሙሉ «ዲቢ፣ ይቺንም ፈግፍጊ» ከመባል በቀር ሌላ ማዕረግ አላየችም። ያስተማራት ሰው የለም። ያስተማራት ዕቃው ነው። ዓይኗን ጨፍና ብሎኑን በጣቷ ትዳስስና «ይሄ የማራገቢያው፣ ይሄ የማርሹ» ትላለች። አልአዛር ይስቅባታል። እሷም ዝም አትልም፤ አፏ ገና ከወረቀቱ እንደወጣ ምላጭ ነው። ነገር ግን መፍቻ የማይሰጡት እጅ ባለቤት ምላስ ቢኖራት ምን ዋጋ አለው? ይሄ ነበር ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳት።

አንድ ረቡዕ ጠዋት የእትዬ ማናልሞሽ ፒክአፕ እየጨሰች ገባች። እትዬ ማናልሞሽ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ መሪውን በራሳቸው እጅ የያዙ የቡና ነጋዴ ናቸው። በሩን በርግደው ወረዱ።

«አቶ ተረፈ፣ ለሦስተኛ ጊዜ መምጣቴ ነው! የቫልቭ ክዳኑን ማሸጊያ ጋስኬት ሁለት ጊዜ ቀየራችሁልኝ። ዘይቱ አሁንም ይፈሳል፣ የጭስ ማውጫው ላይ እየተቃጠለ ዓይኔን ሊያጠፋኝ ነው። ሸኮ ላይ ለቃሚዎቼ ጎህ ሳይቀድ ነው የወጡት። ዛሬ የተለቀመ እሸት ዛሬውኑ መፈልፈያ ካልደረሰ ይቦካል። የቦካ ቡና ደግሞ ለጠላትም አይቀዳም!»

ጋሽ ተረፈ ካርቶን አንጥፈው ከመኪናዋ ሥር ገቡ። ሲወጡ ፊታቸው ለቅሶ ቤት የደረሰ ሰው ፊት ነበር።

«ዘይቱ የሚንጠባጠበው ሞተሩና የማርሽ ሳጥኑ ከሚጋጠሙበት ነው። ከኋላ ያለው፣ ዘይቱን የሚያግደው የሞተሩ ጎሚኒ አልቋል። የማርሽ ሳጥኑ መውረድ አለበት። አራት ቀን።»

«አራት ቀን!» እትዬ ማናልሞሽ አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ዘጭ አሉ።

«ማርሹ ምንም አልሆነም» አለች ዲቦራ ከበርሜሉ አጠገብ፣ ብሩሿን ሳታስቀምጥ። «ዘይት ቁልቁል ነው የሚወርደው። የሚንጠባጠብበት ሌላ፣ የሚነሳበት ሌላ።»

«ምነው፣ ናፍታው ጭንቅላትሽ ላይ ወጣ እንዴ?» አለ አልአዛር።

«ያንተ ላይ ቢወጣ ይሻል ነበር፤ ዝገቱን ያለቀልቅልህ ነበር።»

እትዬ ማናልሞሽ በሐዘናቸው መሀል ሳቅ አመለጣቸው። ጋሽ ተረፈ ግን አልሳቁም። «ከየት ነው የሚነሳው ታዲያ? አሳዪኝ!»

ማሳየቱ ቀላል አልነበረም። እትዬ ማናልሞሽ መኪናቸውን እንደ ልጅ የሚንከባከቡ ሰው ስለሆኑ ትናንት ወንዝ አስገብተው በሳሙና አሳጥበዋታል። የዘይቱ መንገድ አብሮ ታጥቧል። የቀረው ሁሉም ቦታ ላይ የተለቀለቀ ስስ ወዝ ነው።

ዲቦራ እጇን አብሳ ቦርሳዋን አመጣች። ከቦርሳዋ ሁለት ነገር አይጠፋም፤ ናፍታ ለሚሰነጥቀው እጇ የሕፃን ፓውደር፣ አመሻሽ ላይ ወደ መዘምራን ልምምድ ስትሄድ ግንባሯ ላይ ግሪስ እንዳይቀር የምታይበት መዳፍ የምታህል መስታወት። የሞተሩን ጀርባ በጨርቅ ወልውላ አደረቀችና ፓውደሩን እፍ እያለች ነሰነሰችበት። ያ ጥቁር ብረት ነጭ ለበሰ።

«እልልል!» አለ አልአዛር። «ሞተሩን ልትድሪው ነው? ኩሉንስ ረሳሽው?»

«ኩሉን እሱ ራሱ ይኳላል። አስነሳውና ቆመህ ጠብቅ።»

ሞተሩ ተነሣ፣ ጥቂት ደቂቃም ሠራ። ዲቦራ መስታወቷን ሰው አንገቱን ሊያስገባ በማይችልበት ጠባብ ቦታ፣ በሞተሩ ጀርባና በጋቢናው ግድግዳ መሀል ሰደደች። ባይታይስ? ባዶ መስታወት ይዛ ብትወጣስ?

ነጩ ላይ አንዲት ቀጭን ጥቁር መስመር ቁልቁል ተኳለች።

«ይምጡ ጋሽ ተረፈ፣ ኩሉን ይመልከቱ።»

ጋሽ ተረፈ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። መስመሯ ማርሹ ጋ ወርዳለች፣ እውነት ነው፤ የተነሳችው ግን ከላይ፣ ከክዳኑ ሥር ነው። በሞተሩ ራስ ጫፍ ላይ ግማሽ ጨረቃ የመሰለች ጎማ ተወሽቃለች፤ ዘይቱ የሚያለቅሰው በእሷ ዙሪያ ነበር።

«ይቺ አትቀየርም» አሉ ጋሽ ተረፈ። «ከሞተሩ ጋር የተወለደች ናት።»

«ጋስኬቱ ተቀይሮ እሷ ካልተቀየረች፣ አዲስ ጣሪያ ሠርቶ ግድግዳውን ቀዳዳ መተው ነው። ያኔ፣ በሁለተኛው ጊዜ፣ ነግሬዎት ነበር።»

እውነት ነው፣ ነግራቸው ነበር። መልሱም «ፈግፍጊ» ነበር።

እትዬ ማናልሞሽ ከጅማ ያስመጡት አዲስ ጋስኬት ጋቢናው ውስጥ አለ። አልአዛር ሄዶ አመጣው። እንደ ልማዱ ፓኬቱን በጥርሱ ቀደደ፣ ረጅሙን ጋስኬት አወጣ፣ አብራ የነበረችውን ትንሽ ጎማ ግን መሬት ላይ ጣላት። በዚህ ጋራዥ ሥራው ሃያ ዓመት ሲሠራ የኖረው እንዲህ ነው፤ ዋናው ይወጣል፣ ትንንሹ ይጣላል። «ፋብሪካ ትርፍ ይልካል» የሚለውን ቃል አልአዛር ከጋሽ ተረፈ ተምሯል፣ ጋሽ ተረፈም ከአለቃቸው።

ዲቦራ ጎንበስ ብላ ጎማዋን አነሣች። አቧራዋን ጠርጋ ከመስታወቱ አጠገብ ያዘቻት። ግማሽ ጨረቃ ናት፤ ራሷ፣ ቁርጥ።

አልአዛር ጫማውን ማየት ጀመረ።

ጋሽ ተረፈ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ተሸናፊ ለመባል ግን ገና ዝግጁ አልነበሩም። «እሺ። አንቺው ክፈቺው፣ አንቺው ግጠሚው። መኪናዋ ሸኮ ደርሳ፣ ጭና ስትመለስ አንዲት ጠብታ ካየሁ ከነገ ጀምሮ እዚህ ግቢ እንዳላይሽ። ደረቅ ከሆነች የመፍቻው ሳጥን ቁልፍ ያንቺ ነው። እትዬ ማናልሞሽ ምስክር ናቸው።»

«ምስክርስ ነኝ፤ ብቻ ቶሎ በይ፣ ልጄ!»

እንዲህ ነው እንግዲህ ዲቦራ ለመጀመሪያ ጊዜ መፍቻ የጨበጠችው። የአየር ቱቦውን አላቀቀች፣ የክዳኑን ብሎኖች አንድ በአንድ ፈታች፣ በፈታችበት ተራ ካርቶን ላይ ደረደረቻቸው። ክዳኑ ሲነሣ የድሮው ማጣበቂያ ሲሊኮን እንደ ደረቀ ገንፎ ተገምጦ ወጣ። በምላጭ ፋቀችው፣ ፍርፋሪው ሞተሩ ውስጥ እንዳይገባ ጨርቅ ሸፈነች፣ ክዳኑ የሚያርፍበትን የሞተሩን ከንፈር በቤንዚን በራሰ ጨርቅ እስኪያበራ አበሰችው። አሮጌዋን ግማሽ ጨረቃ በካቻቪቴ ጫፍ ፈንቅላ አወጣቻት። እንደ ድንጋይ ደርቃለች፤ በአልአዛር መዳፍ ላይ ስትወድቅ ቀጭ አለች።

«ስማት» አለች ዲቦራ። «ጎማ እንዲህ ይጮሃል?»

አዲሷን ከቦታዋ አስገባች። ጎማዋ ከብረቱ በምትገናኝበት ማዕዘን ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታክል ሲሊኮን ጠብ አደረገች፤ ከዚያ በላይ አይደለም። ጋስኬቱን አልብሳ ክዳኑን ደፋች። ብሎኖቹን ስታጠብቅ ከመሀል ጀምራ ወደ ዳር፣ አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ፣ በጥቂት በጥቂቱ ሄደች።

አልአዛር አላስቻለውም። «አጥብቂው እንጂ! የምትገጥሚው ሞተር ነው፣ የሽሮ ድስት አይደለም።»

«አንተ ተንጠልጥለህ ስታጠብቅ ነው የፊተኛው ጋስኬት ተጨፍልቆ የወጣው። ጎማ ይታቀፋል እንጂ አይታነቅም።»

ሲሊኮኑ እስኪደርቅ ሁሉም በግድ ጠበቁ። ከዚያ ዲቦራ ጀርባውን እንደገና ፓውደር ነሰነሰች፤ እትዬ ማናልሞሽም አቧራ አስነሥተው ወደ ሸኮ በረሩ።

መጠበቅ ከሥራው ሁሉ ከፋ። ዲቦራ ወደ በርሜሏ ተመለሰች፤ አንዱን የማርሽ ጥርስ ሦስት ጊዜ አጠበች። የሸኮን ዳገት በሐሳቧ ወጣች፣ ሞተሩ ሲያቃስት ሰማች፣ ዘይቱ ሲግል፣ ሲቀጥን፣ ቀዳዳ ሲፈልግ ታያት። ምሳ አልበላችም። ጋሽ ተረፈም አልበሉም፤ እሷ ግን ያን እንዳላየች ሆነች።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ፒክአፗ በቀይ እሸት ተሞልታ፣ ጀርባዋ ዝቅ ብሎ መጣች። ጭስ የለም። እትዬ ማናልሞሽ ሞተሩን ሳያጠፉ ንጹሕ የብስኩት ካርቶን ላይ አቆሟት። አምስት ደቂቃ። አሥር ደቂቃ። ጋሽ ተረፈ ካርቶኑን ስበው አወጡ፣ ወደ ብርሃን ገለበጡት። የብስኩቱ ሥዕል ብቻ ነው ያለበት።

አላመኑም። «መስታወትሽን» አሉ እጃቸውን ዘርግተው። ሰጠቻቸው። ጎንበስ ብለው አዩ፣ ቀጥሎም ክንዳቸውን እስከ ብብታቸው ሰደው ጣታቸውን በሞተሩ ጀርባ ላይ አሳለፉ። ሲያወጡት ጣታቸው ነጭ ነበር። ሃያ ዓመት ሲጠቁር የኖረ ጣት፣ እንደ ሕፃን ፓውደር ሸተተ።

«እሰይ!» እትዬ ማናልሞሽ ጡሩምባውን እስኪሰለቻቸው ነፉት። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየ። «አራት ቀን አሉኝ፣ ይቺ ልጅ በግማሽ ቀን! እሸቴ ሳይቦካ መፈልፈያ ልድረስ!» ብለው ነድተው ሄዱ፤ ጡሩምባው ከእይታ ከጠፉም በኋላ ይሰማ ነበር።

ጋሽ ተረፈ ከወገባቸው ቁልፉን ፈቱ። እጇ ላይ አላስቀመጡትም፤ ወረወሩላት፣ ለአልአዛር እንደሚወረውሩለት። እሷም በአንድ እጇ ቀለበችው። ከምስጋና ሁሉ ይሄ በለጠባት።

ወደ ጥላው ሊገቡ ብለው ቆም አሉ። «ዲቦራ» አሉ፤ ዲቢ አላሉም። «ያ... ትርፍ ስንለው የነበረው። ስትጠርጊ ያስቀመጥሽው ሌላ አለሽ?»

ዲቦራ ከበርሜሉ ጀርባ አንድ ትልቅ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ጓ አድርጋ አስቀመጠችው። እስከ አፉ ሞልቷል፤ ቀለበቱ፣ የብሎን ሮንዴላው፣ ግማሽ ጨረቃው፣ የሁለት ዓመት ትርፍ።

«እያንዳንዷ ከየትኛው መኪና እንደቀረች ልንገርዎት፣» አለች «ወይስ መኪኖቹ ራሳቸው እስኪመጡ እንጠብቅ?»

አልአዛር ብሩሹን አንሥቶ ወደ በርሜሉ ሄደ።