ክላይቭ ሻይ ሲያመጣ

በአርባ ስድስት ዓመቴ ዩኒቨርሲቲ ልገባ ነው ስላት አክስቴ ራውናት፣ "ጋሊክኛ ልትማሪ? ታዲያ እኔ በምን ሳናግርሽ ነው የኖርኩት?" ብላ ሳቀችብኝ። የደሴታችንን ቋንቋ ከነባህሉ፣ ከማኅበረሰብ ልማት ጋር እንደምማር ብነግራት፣ "ልማቱስ ይሁን" ብላ ተወችኝ።

የመጨረሻው ፈተናዬ ወረቀት ላይ የሚሠራ አልነበረም። የደሴታችንን ሰዎች በመንደሩ አዳራሽ ሰብስቤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጋሊክኛ ማወያየት ነበረብኝ። መምህርቴ ማርሳሊ ከኋላ ተቀምጣ ታያለች፤ ስብሰባው ወደ እንግሊዝኛ ከዞረ ወደቅሁ ማለት ነው። መወያያው የተዘጋውን ትምህርት ቤት ምን እናድርገው የሚል ነበር፤ በዚህ ላይ አስተያየት የሌለው ሰው እኛ ዘንድ የለም።

ችግሩ ይሉኝታችን ነው። አሥር ሆነን በጋሊክኛ እየተጨቃጨቅን አንድ ቋንቋውን የማይሰማ ሰው ከገባ፣ አሥራችንም ወሬውን ሳንጨርስ ወደ እንግሊዝኛ እንገለበጣለን። ሰውን ማግለል ነውር ነዋ። ቋንቋችን በጨዋነታችን እያለቀ ነው። ይህን ሳስብ እበግናለሁ፤ ሰው ሲገባ ግን እኔም ያው ነኝ።

የማይሰማው ሰው ደግሞ ጎረቤቴ ክላይቭ ነው። ከእንግሊዝ መጥቶ እኛ ዘንድ ከከረመ ዓመታት አልፈዋል። ደግ ነው፣ ከስብሰባም አይቀርም። አትምጣ አይባል ነገር። ስለዚህ ተንኮል አሰብኩና "ክላይቭ፣ የሻዩን ነገር አደራ" ብዬ ወደ አዳራሹ ማዕድ ቤት ሸኘሁት።

ስብሰባው ሞቀ። በግ አርቢው ኮኛህ "ትምህርት ቤቱ የሽመና ቤት ይሁን" ሲል፣ ራውናት "አንተ የካልሲህን ቀዳዳ እንኳ የማትሰፋ፣ ሽመና ምን አገባህ?" አለችው። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። በሩ ተከፈተ፤ ክላይቭ ከነሻዩ። ኮኛህ መልሱን ዋጥ አድርጎ በእንግሊዝኛ "ዛሬስ ነፋሱ በረታ" አለ። ሁሉም ስለ ነፋስ ማውራት ጀመረ። ክላይቭ ሲወጣ ወደ ሽመናው ተመለስን። ብስኩት ይዞ ሲመጣ እንደገና ነፋስ። ማርሳሊ አንገቷን ደፍታ ሳቋን ታፍናለች፤ እኔን ላብ አጠመቀኝ።

ወተቱን ይዞ ሲመጣ ግን ክላይቭ አልተመለሰም። ትሪውን አስቀመጠ።

"ግድግዳው ማዶ ሆኜ ስትስቁ እሰማለሁ፤ ስገባ ሁሌ ነፋስ ነው" አለ በእንግሊዝኛ። "ይህን ያህል ዓመት ስኖር እንዴት እንደምትጨቃጨቁ እንኳ ሰምቼ አላውቅም። ባይገባኝም ልቀመጥ።"

"ነውር ይሆንብናል እኮ" አለችው ራውናት በእንግሊዝኛ።

"ማዕድ ቤት መላኩስ ነውር አይደለም?"

አፈርኩ። ወንበር ሳብኩለትና በጋሊክኛ ቀጠልን። መጀመሪያ ላይ ምላሳችን ተሳሰረ፤ የፈታው ራውናት ኮኛህን ደግማ መስደቧ ነው። ክላይቭም አብሮን ሳቀ፤ በምን እንደሳቀ እግዜር ይወቀው።

የሽመናው ሐሳብ ጸደቀና "የሽመና ቤቱ ኮሚቴ ሰብሳቢ ማን ይሁን?" ብዬ ጠየቅሁ። እዚህ ደሴት "እኔ" የሚል ሰው ገና አልተወለደም። ሁሉም ጫማውን ማየት ያዘ። ክላይቭ ይህን አይቶ፣ ሻይ ይጨመር እንደሆነ ሊጠይቅ እጁን አነሳ። አፉን ሳይከፍት፣ ራሱን የጠቆመ መስሎን፣ እሱን ለመምረጥ የሁላችንም እጅ ወጣ።

ግራ ገብቶት ዙሪያውን አየ። አሁን በእንግሊዝኛ ሊያስረዱት ነው፣ የቀረችኝም ተስፋ አለቀች አልኩ። ራውናት ግን ደረቱን በጣቷ ነካ እያደረገች፣ በጋሊክኛ፣ ቀስ ብላ "አንተ። ሰብሳቢ። የእኛ" አለችው። አልገባውም። ደገመችለት። ኮኛህ ከፊት ያለውን ባዶ የሰብሳቢ ወንበር መታ መታ አደረገለት። በእንግሊዝኛ ትንፍሽ ያለ ሰው አልነበረም።

ክላይቭ ፊቱ ቀላ። "እኔ? የእናንተ?" አለ፣ በተሰባበረ ጋሊክኛ።

እንባዬ መጣ።

በዚያ በነፋሱ ወሬ ምክንያት ፈተናውን ወደቅሁ። ማርሳሊ ሕግ ሕግ ነው ብላ ለሚያዝያ አስተላለፈችኝ፤ ያኔ የማወያየው ክላይቭ የሚሰበስበውን ኮሚቴ ነው። እስከዚያው ለመማር ራውናት ቤት ይውላል። ባለፈው ሳምንት በጋሊክኛ ብትሰድበው በጋሊክኛ መለሰላት፤ እሷም ደስ ብሏት ስድቡን ለመንደሩ ሁሉ አዳረሰችው።