ዳገቱን በጀርባ

ጫማ ሰፊው በሠላሳ ዓመት የሥራ ዘመኑ ከአውቶቡስ መናኸሪያው አልፎ በእግሩ ሄዶ አያውቅም። ሆኖም ተራራው ላይ ወዳለው ቅዱስ ስፍራ የስድስት ቀን መንገድ የሚሄድ ተሳላሚ ሁሉ ጫማውን የሚያሰፋው እሱ ዘንድ ነበርና፣ ማስቲሹ እስኪደርቅ "እስቲ ስለ መንገዱ ምከረን" ማለታቸው አልቀረም። አላውቅም ማለት አሳፈረው። መጀመሪያ "ካልሲያችሁ ሲረጥብ ቶሎ ቀይሩ" አለ፤ ይሄ ደግ ነው። ቀጥሎ "አሮጌ ጫማ አድርጉ፤ አዲስ ጫማና አዲስ አማች እስኪላመዱ ያቆስላሉ" አለ፤ ሳቁለት። ሳቃቸው ልቡን አሞቀውና አንድ ቀን ጉልበቴን ያመኛል ላለው ወፍራም ነጋዴ "ታዲያ ዞረህ ዳገቱን በጀርባህ ውጣዋ!" አለው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ ነጋዴው አልሳቀም። አመስግኖ ሄደ።

ጫማ ሰፊው ስልሳ ዓመት ሲሞላው ሚስቱ፣ "አንተ ሰው፣ ለአገር ምድሩ መንገድ ስታስተምር ኖርክ፤ አንድ ቀን እንኳ ሄደህ እየው እንጂ!" ብላ ስንቁን ቋጠረችለት።

በአራተኛው ቀን ከረጅሙ ዳገት ሥር ደርሶ ቀና ቢል፣ ሃምሳ የሚሆኑ ሰዎች ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረው አፍጥጠውበታል። የሚወርዱ መስሎት መንገድ ለቀቀ። አልወረዱም። እያዩት፣ እየተንገዳገዱ፣ አንዱ ሌላውን እየደገፈ፣ በጀርባቸው ሽቅብ እየወጡ ከእሱ ራቁ።

"ጋሼ!" ብላ ጮኸች ለእሱ የቀረበችው፣ ድምፀ ጎርናና አስተማሪ። "ምን ነካዎት? ይዙሩ እንጂ!"

"ዙሩ ያለው ማነው?"

"ጫማ ሰፊው ነዋ፣ ነፍሱን ይማረውና።"

ክው አለ። "ሞተ?"

"አምና። እዚሁ ዳገት ላይ። ተሳስቶ ፊት ለፊት ሲወጣ ነው አሉ።"

"ልጄ፣ ጫማ ሰፊው እኮ እኔ ነኝ! ደግሞ ያልኩትም ለቀልድ ነው!"

ሰልፉ ቆመ። አስተማሪዋ በትዝብት ከላይ እስከ ታች አየችው።

"በእርስዎ ዕድሜ በሙት ይቀለዳል?"

ሁለት ጎረምሶች ወረዱና ትከሻና ትከሻውን ይዘው፣ በአክብሮት አዞሩት።

ምን ያድርግ? በጀርባው ወጣ። ጥቂት እንደሄደ ግን ሲጠዘጥዘው የመጣው ጉልበቱ ተሻለው። አራት ቀን ሙሉ አቀርቅሮ የመጣበት መንገድ፣ ድልድዩ፣ የተሻገረው ወንዝ፣ ትናንት ያደረባት ባለ ቆርቆሮ ቤት ሁሉ ቁልቁል ተዘርግቶ ታየው። ዕድሜውን ከሰው ቁርጭምጭሚት በላይ ቀና ብሎ ያላየ ሰው ነውና አፉን ከፍቶ ቀረ። "ለካ ሟቹ አዋቂ ነበር" አለ በሆዱ።

ጫፉ ላይ ሲደርሱ ሁሉም ባርኔጣውን አውልቆ ለጫማ ሰፊው ነፍስ ጸለየ። "ሳያስቅህ ጫማህን አይመልስልህም ነበር" አለ አንዱ፣ አፍንጫውን እየጠረገ። ጫማ ሰፊው እንባው መጣ። ለሟቹ ከልቡ አዘነለት፤ ሚስቱስ እንዴት ሆና ይሆን ብሎ ተጨነቀ።

ጸሎቱ እንዳበቃ የአስተማሪዋ ጫማ ማሰሪያ ተበጠሰ። ከኪሱ የማይለየውን ወስፌ አወጣና ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ሰፋላት። እሷም አገላብጣ አየችው፣ ጎተት ጎተት አደረገችው።

"እጅዎ ይባረክ፣ ጋሼ። የእሱን ያህል ባይሆንም፣ ደህና ሞክረዋል።"

"እሱንማ ማን ይደርስበታል" አለ፣ የተረፈውን ክር በጥርሱ እየበጠሰ።